ዘጠነኛ ክፍል ማሳ ላይ

በደጋውና በወይና ደጋው ገጠር ዘጠነኛ ክፍል መግባት ከቤት መውጣት ነው። አንደኛ ደረጃው በየቀበሌው አለ፤ ሁለተኛ ደረጃው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወረዳው ከተማ ላይ ነው። የ15 ዓመቱ ልጅ መስከረም ላይ ከሁለት ሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል። እሑድ እንጀራውንና ድርቆሹን ተሸክሞ ይገባል፤ ዓርብ ከሰዓት ስንቁ ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እስከ ስምንተኛ ክፍል ግማሽ ቀን ተምሮ ግማሽ ቀን ከብት ሲያግድ፣ አረም ሲነቅል፣ አባቱ ሲያርስ ከኋላ ጓል ሲከሰክስ የነበረ ልጅ ነው። ስለ መሬት ያለው እውቀት «ለምን?» ብሎ መጠየቅ በሚጀምርበት ዕድሜ ላይ ድንገት ይቋረጣል። የሚያውቀው «እንዲህ ይደረጋል» የሚለውን ነው፤ «ለምን እንዲህ ይደረጋል» የሚለውን አባቱ ሊነግረው ሲደርስ ልጁ ከተማ ገብቷል።

ሀገር በቀል እውቀትን መሬት ላይ ሆኖ ማስተማር ከተፈለገ ከዘጠነኛ ክፍል የተሻለ ቦታ አይገኝም የምለው ለዚህ ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «ሀገር በቀል እውቀት» የሚለው ቃል ደጋግሞ ይነሳል። ችግሩ ቃሉ ሁልጊዜ የሚነሳው ጥቁር ሰሌዳ ፊት መሆኑ ነው። የጤፍ ማሳ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ወርቅ መስሎ እየታየ ተማሪው ስለ ጤፍ ከመጽሐፍ ሥዕል ይማራል።

በካናዳ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ተማሪን ወደ መሬቱ መልሶ ማስተማር ትልቅ ጉዳይ ሆኗል። ምክንያቱም ከባድ ነው፤ ልጆቻቸው ለትውልዶች ከቤተሰብ ተነጥቀው ቋንቋቸውንና መሬታቸውን በሚያስረሱ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ውስጥ አድገዋል። የአገሪቱ የእውነትና የእርቅ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2015 ይህንኑ የሚመለከቱ 94 ጥሪዎችን አቅርቧል። የእኛ ታሪክ ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ልጁን ከመሬቱ የለየው ፖሊስ አይደለም፤ የወላጁ ምኞት ነው። «ተማርና ከማረሻ ተላቀቅ» ብሎ በሬ ሸጦ የላከው አባት አለ። ይህን ሳይጋፈጥ ፕሮግራም የሚጀምር ትምህርት ቤት በመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ ይሸነፋል። «ልጄን ለእርሻማ እኔም አስተምረው ነበር» የሚል አባት መነሳቱ አይቀርም፤ እውነትም አለው። መልሱ ልጁን ገበሬ ማድረግ አንፈልግም ነው። የሚለካው ተዳፋት ሒሳብ ነው፣ የሚቆፈረው ጉድጓድ ጂኦግራፊ ነው፣ የሚቆጠረው ቡቃያ ባዮሎጂ ነው፤ ነጥቡም ተከታታይ ምዘና ውስጥ ይገባል። ነጥብ የሌለውን ሥራ ወላጅም ተማሪም አያከብረውም።

ከዚህ የባሰው መሰናክል ትምህርት ቤቱ ራሱ የሠራው ነው። አርፋጅ ተማሪ ምን ይቀጣል? ሣር ያጭዳል፣ ግቢ ያርማል፣ አፈር ይቆፍራል። ለዓመታት ዶማን የቅጣት መሣሪያ አድርገን ስናበቃ አንድ ቀን «ዛሬ መሬት ላይ እንማራለን» ብንል ልጁ የሚሰማው «ዛሬ ሁላችሁም ተቀጥታችኋል» ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚሠራው ሥራ ምንም ወጪ የለውም፦ አፈር የሚነካ ቅጣትን በሙሉ ከትምህርት ቤቱ ማስወጣት።

ቀጥሎ የሚመጣው የቀን መቁጠሪያ ነው። የትምህርት ዓመት ከመስከረም እስከ ሰኔ ነው፤ የመሬት ዓመት ግን ልቡ ክረምት ላይ ነው። ጤፍ ሐምሌ ላይ ሲዘራ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ይህን ያላሰበ መምህር ኅዳር ላይ «የዘር ወቅት ትምህርት» ይሰጣል፤ ተማሪው ማጭድ የያዘ ሰው እያየ ስለ መዝራት ይጽፋል። ለጤፍ አገር የሚሆነው አካሄድ በግምት እንዲህ ነው፦ መስከረምና ጥቅምት አረምና አፈር፣ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና የምርት ልኬት፣ ጥር አውድማ፣ የካቲትና መጋቢት ተዳፋት፣ የትርፍ ውሃ መውጫ ፈሰስና እርከን፣ ሚያዝያና ግንቦት እርሻና ዘር። ክረምቱ ደግሞ በደብተር ወደ ቤት ይሄዳል። በልግ አብቃይ አካባቢ ይህ ሁሉ ይገለባበጣል፤ የሚወስነው መምህሩ ሳይሆን የአካባቢው ገበሬ ነው።

የሳምንቱ ቀንም እንዲሁ። ቅዳሜ ቀላል ይመስላል፤ ግን የኪራይ ቤት ልጅ ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጣ አገሩ ነው፣ ብዙ ቦታም ገበያ ነው። ዓርብ ከሰዓት መንገድ ላይ ነው፤ ሙስሊም በሚበዛበት አካባቢ ደግሞ የጁምዓ ሰዓት አለ። የሚሠራው ሰኞ ወይም ማክሰኞ፣ ሁለት ክፍለ ጊዜ ተያይዞ፣ በ15 ቀን አንዴ ነው። በዓላትን ደግሞ እንደ ዕድል መያዝ ይቻላል። በወሩ 12፣ 21 ወይም 29 ገበሬው አፈር አይነካ ይሆናል፤ ታዲያ ያን ቀን ቁፋሮ የለም፤ ግን አስተማሪ የሚሆኑት የአካባቢው ሽማግሌ ነፃ ናቸው፣ ማሳውን እየዞሩ ለማውራት ከዚያ የተሻለ ቀን የለም። በዓሉን ሳያጣሩ ዶማ ይዞ መሄድ ግን አንድ ጊዜ ከተደረገ የሠፈሩ ሰው ለዓመት ያስታውሰዋል።

የክፍሉ ብዛት ከ50 በላይ ከሆነ ሁሉንም ይዞ አንድ ሽማግሌ ፊት መቆም ጉብኝት ነው፤ ከኋላ ያለው አይሰማም፣ ከፊት ያለው ያፍራል። አሥር አሥር አድርጎ አምስት ቦታ መክፈል ይሻላል። በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ ቢያንስ ሁለት የገጠር ልጅ ይኑር። ከተማ ተወልዶ ያደገው በእንግሊዝኛው የሚበልጠው ልጅ እንግጫን ከሣር መለየት ሲያቅተው፣ ሳምንቱን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጠው የገጠር ልጅ ቀና ይላል። በክፍል ውስጥ በማንኛውም ዘዴ የማይገኝ ለውጥ ነው።

መስከረም ላይ የሚጀመረው በአረም ነው፤ አረም ማሳው ስለ ራሱ የጻፈው ደብዳቤ ስለሆነ። በጎጃም ልጃገረዶች ለዘመን መለወጫ የሚነቅሉት እንግጫ ውሃ የሚተኛበትን ቦታ ይወዳል፤ በማሳ መሐል ተሰብስቦ ከታየ ከሥር ውሃው መውጫ አጥቷል ማለት ነው። አቀንጭራ ማሽላ ውስጥ ከበዛ መሬቱ ደክሟል፣ ሰብል ሳይፈራረቅ በማሽላ ላይ ማሽላ ተዘርቶበታል። ከአራት እንጨት 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ካሬ ይሠራና ማሳው ላይ አምስት ቦታ ይጣላል፤ ውስጡ ያለው እያንዳንዱ አረም በአካባቢ ስሙ ይቆጠራል። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ስህተት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ተማሪው ካሬውን ደስ ያለው ቦታ ላይ ያስቀምጣል። ጀርባውን ሰጥቶ ወርውሮ ያስቀምጠው፤ የስታቲስቲክስ የመጀመሪያ ትምህርት ይኸው ነው። ስሙን ደግሞ ሽማግሌው እንደጠሩት ይጻፍ። መጭ፣ ሙጃ፣ አሜኬላ፣ እንግጫ። የላቲን ስሙ ቆይቶ ይመጣል።

ጥቅምት ላይ አፈሩ ገና እርጥብ ስለሆነ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ 1 ሜትር ጥልቀት፣ አንዱ ግድግዳ ወደ ፀሐይ የዞረ፣ ቀጥ ብሎ የተላገ። ሥራው ሲያልቅ በዚያው ቀን ይደፈን፤ አለበለዚያ የሰው ጥጃ እግሩን ይሰብራል፣ ፕሮግራሙም እዚያው ያበቃል። ከየንብብሩ እፍኝ አፈር ይወሰድና በእርጥብ እጅ ተድቦልቡሎ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እንደ ጥብጣብ ይሳባል። ዋልካው ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ሳይበጠስ ይሄዳል፤ አሸዋማው እዚያው ይፈርሳል። ከዚያ ግልጽ የላስቲክ ጠርሙስ ሲሶው ድረስ አፈር ይሞላል፣ ውሃ ይጨመራል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የዱቄት ሳሙና ይገባል፣ ለሦስት ደቂቃ ይናጣል፣ ከዚያ አይነካም። አሸዋው በአንድ ደቂቃ ገደማ ይቀመጣል፣ ደለሉ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፣ ሸክላው አንድና ሁለት ቀን። አብዛኛው ክፍል እዚህ ይሳሳታል፤ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ መልስ ሊያገኝ ይቸኩላል፣ ከላይ የቀረውን ድፍርስ ውሃ ረስቶ «ሸክላ የለውም» ብሎ ይጽፋል። ሰኞ ተንጦ ረቡዕ ይነበብ።

የገበሬው አመዳደብ ከዚህ ጎን ይቀመጣል። ዋልካ፣ በሸዋ መረሬ የሚሉት፣ ውሃ ሲነካው እግር ይዞ የሚያስቀር፣ ሲደርቅ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ ነው። ቀይ አፈር ቶሎ ይታረሳል፣ ቶሎም ይደርቃል። ጭንጫው የድንጋይ ቤት ነው። ገበሬው የሚመድበው በቀለም ብቻ አይደለም፤ «ስንት በሬ ያደክማል? ከዝናብ በኋላ ስንት ቀን ያስጠብቃል? ምን ይወዳል?» በሚል ነው። የመማሪያ መጽሐፉ ምደባ አፈሩ ከምን እንደተሠራ ይናገራል፣ የገበሬው ደግሞ አፈሩ ምን እንደሚያደርግ። ተማሪው ሁለቱን ጎን ለጎን በሰንጠረዥ ሲያስቀምጥ የማይገጣጠሙ መስመሮች ይወጣሉ፤ መምህሩ ያንን ልዩነት ለማስታረቅ አይቸኩል። ዋናው ትምህርት ያለው እዚያ ነው።

አጨዳ ላይ ያ አንድ ሜትር ካሬ እንደገና ይወጣል። በባለቤቱ ፈቃድ አምስት ቦታ ይታጨዳል፣ ለየብቻው ይወቃል፣ ይነፍሳል፣ ይመዘናል። የአምስቱ አማካይ በግራም ተወስዶ ለ10 ቢካፈል ኩንታል በሄክታር ይሆናል፤ 150 ግራም ከወጣ 15 ኩንታል ማለት ነው። እህሉ ካልደረቀ ግን ቁጥሩ ይዋሻል፤ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ይዋል። እህሉም ለባለቤቱ ይመለስ፤ አምስት ካሬ ሜትር ጤፍ ኪሎ አይሞላም ብሎ መተው ነውር ነው።

ጥማድ በራሱ የአንድ ሳምንት ትምህርት ነው። አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ በወረቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሩብ ሄክታር፣ 2,500 ካሬ ሜትር ተብሎ ይያዛል። ተማሪዎች አምስት የተለያዩ «አንድ ጥማድ» ማሳዎችን በገመድ ቢለኩ አምስት የተለያየ ቁጥር ያገኛሉ። ይህ የገበሬው ስህተት አይደለም። በዋልካ ላይ በሬው ይደክማል፣ በተዳፋት ላይ ይዘገያል፤ ጥማድ ስፋትን ብቻ ሳይሆን ድካምን ጭምር ይለካል። የእህል መስፈሪያው ቁናም እንዲሁ ነው፤ አንድ ቁና ጤፍና አንድ ቁና ገብስ በሚዛን ሲቀመጡ ይለያያሉ። የእፍጋትን ፍቺ ከዚህ በተሻለ ለማስረዳት የሞከረ የፊዚክስ መምህር ይንገረኝ።

ጥር ላይ አውድማ ነው። መሬቱ ተደልድሎ በእበት ሲለቀለቅ ልጆቹ ይለቅልቁ፤ እበቱ ለምን ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው፣ አፈሩና ጠጠሩ ከእህሉ ጋር እንዳይቀላቀል ነው መልሱ። ከዚያ መንሽ፣ ላይዳ፣ ነፋስ። ጠዋት ነፋስ በሌለበት ተማሪ ይዞ ሄዶ ቆሞ የዋለ መምህር ሽማግሌውን አልጠየቀም ማለት ነው። ሴቶቹ በሰፌድ ሲያበጥሩ ደግሞ ሌላ ሳይንስ አለ፤ ክብደትና ቅርጽ በአንድ የእጅ ምት ይለያሉ። በብዙ ቤት ለዘር የሚሆነውን መርጦ የሚያስቀምጠው የሴቷ እጅ ነው። ስለዚህ አስተማሪ ተብለው የሚጋበዙት ወንድ ሽማግሌዎች ብቻ ከሆኑ የእውቀቱ ግማሽ ቀርቷል። የባሰም ይደረጋል፦ ወንዶቹ ተማሪዎች ሊለኩ ወደ ማሳ፣ ሴቶቹ ቡና ሊያፈሉ ወደ ጓዳ። ይህ ሀገር በቀል እውቀት አይደለም፤ የመምህሩ ስንፍና ነው።

የካቲት ላይ ወደምወደው ክፍል እንደርሳለን፤ ተዳፋት። መሣሪያው የ10 ሜትር ሲባጎ፣ በሳንቲ ሜትር የተከፋፈሉ ሁለት እኩል እንጨቶችና የግንበኛ ውሃ ልክ ነው። ውሃ ልኩ የሲባጎው ልክ መሐል፣ 5ኛው ሜትር ላይ ይሰቀላል። የላይኛው ልጅ ሲባጎውን ከእንጨቱ ሥር አካባቢ፣ የታችኛው ወደ ላይ እያንሸራተተ፣ ሦስተኛው አረፋውን እያየ። በሁለቱ እንጨቶች ላይ ያለው ልዩነት 80 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 8 በመቶ ነው። ሲባጎው ከላላ፣ ውሃ ልኩ ከመሐል ከወጣ፣ ወይም እንጨቱ ጓል ላይ ከቆመ መልሱ ይበላሻል። ውሃ ልክ ከሌለ ሁለት የ2 ሜትር እንጨት ከላይ ታስሮ፣ በአግድም አንድ እንጨት ተደርጎ፣ ድንጋይ በገመድ ይንጠለጠልበታል። አስተካክሎ ለመጀመር ሁለቱን እግር ቦታ አለዋውጦ ገመዱ ያረፈባቸውን ሁለት ነጥቦች መሐል ምልክት ማድረግ ነው። ንፋስ ባለበት ግን ድንጋዩ አይቆምም፤ ጠዋት ይሠራ።

አሁን ስሌቱ። 8 በመቶ ተዳፋት ላይ በእርከንና በእርከን መካከል የከፍታ ልዩነቱ 1 ሜትር እንዲሆን ርቀቱ 12 ሜትር ተኩል ይሆናል። እርከኑና ቦዩ አንድ ሜትር ከሩብ ያህል ስፋት ቢወስዱ ከገበሬው መሬት አሥር በመቶ ሄደ። በሬ ማዞሪያው ጠበበ፣ አይጥ ድንጋዩ ውስጥ ገባ፣ ዋልካ ከሆነ ደግሞ ከእርከኑ ጀርባ ውሃ ተኝቶ እህሉ ቢጫ ሆነ። ገበሬው በዘመቻ የተሠራውን እርከን አንዱን ትቶ አንዱን የሚያፈርስበትን ምክንያት ባለሙያው «የግንዛቤ እጥረት» ሲለው ኖሯል። ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግን ራሱ በሲባጎ ለክቶ አሥር በመቶውን ሲያገኝ ግንዛቤ የጎደለው ማን እንደሆነ ይገባዋል።

ይህን ካልኩ በኋላ ሌላውንም ጎን ማለት አለብኝ፤ የአባቶች ሁሉ ነገር ልክ ነው የሚለው ትምህርትም ውሸት ነው። ማረሻ አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም። ከጎንና ከጎኑ ያሉት እንጨቶች፣ ድግሮቹ፣ ግራና ቀኝ ገፍተውት መሐሉን ይከፍቱታል፣ በፈርና በፈር መካከል ግን ያልታረሰ ይቀራል። ያንን ለማግኘት ሁለተኛው እርሻ የመጀመሪያውን አቋርጦ ይሄዳል፤ ለጤፍ ደግሞ ሦስት አራቴና ከዚያ በላይ ይታረሳል። ሜዳ ላይ ይህ ብልሃት ነው። ተዳፋት ላይ ግን አንዱ እርሻ አግድም ከሄደ የሚቀጥለው ቁልቁል ይወርዳል፣ ዝናብም ፈሩን እንደ ተዘጋጀ ቦይ ይጠቀምበታል። ፈሰስም እንዲሁ፤ በልኩ ከተሰመረ ትርፉን ውሃ አውጥቶ ማሳውን ያድናል፣ ቁልቁል ከበዛበት በዓመታት ውስጥ ቦረቦር ይሆናል። ተማሪው የነባር ፈሰሶችን ተዳፋት በሲባጎው ለክቶ ጥልቀታቸውን ቢመዘግብ የትኛው ወደ ቦረቦር እየሄደ እንደሆነ ራሱ ያያል። ከዚያ ሽማግሌውን ይጠይቅ። ብዙ ጊዜ መልሱ «አውቀዋለሁ፤ ግን ከታች ያለው የሰው መሬት ነው፣ በእሱ በኩል ላውጣ ብል ያጣላናል» ነው። የመሬት ትምህርት በዚህች ዓረፍተ ነገር ወደ ሥነ ዜጋ ትምህርት ይሻገራል። የመንዝ ሰዎች የጓሳን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለዓመታት ዘግተው በጋራ ሕግ ሲያጭዱ የኖሩት፣ ኮንሶዎች እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን እርከናቸውን ትውልድ ለትውልድ የጠገኑት በድንጋይና በሣር እውቀት ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት ከጎረቤት የሚስማማበት ሥርዓት ስለነበራቸው ነው።

ሚያዝያና ግንቦት የዕቃና የዘር ነው። ሞፈር፣ ቀንበር፣ እርፍ፣ ድግር፣ ወገል፣ ማረሻ፣ ምራን፣ ማነቆ፤ ተፈታትቶ መሬት ላይ ተዘርግቶ እንደገና ይገጠም። ከየትኛው እንጨት ለምን ይሠራል? ድግሩ ቢጠብ ምን ይሆናል? በሬ ጠምዶ መሞከር ግን በባለቤቱ እጅ ሥር፣ አንድ በአንድ ነው፤ ልምድ የሌለው ልጅ እርፉን ተጭኖ ማረሻውን ድንጋይ ላይ ሲሰብር ወይም የበሬውን እግር ሲያቆስል የሚከፍለው ገበሬው ነው። ዘር ደግሞ በቤት ውስጥ ይፈተናል፦ 100 ፍሬ ተቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀለላል፣ ጨርቁ እንዳይደርቅ በየቀኑ ይታያል፣ ከሳምንት በኋላ የበቀለው ይቆጠራል። ከ85 በታች ከሆነ ለቤተሰብ የሚነገር ዜና ነው። ለጤፍ የሚያስደስት ሒሳብም አለ፤ አንድ ሺህ ፍሬ 0.3 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በሄክታር 25 ኪሎ ከተበተነ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ከ8,000 በላይ ፍሬ ወደቀ ማለት ነው። ስንቱ በቀለ? የቀረውስ የት ሄደ? ከብት ነድቶ ማሳውን መርገጥ ለምን አስፈለገ? ያ ሁሉ ፍሬ ጥልቅ ገብቶ እንዳይቀር።

መድኃኒት ዕፅ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አስተናግር አደንዛዥ መርዝ ነው፣ የቁልቋል ወተት ዓይን ያጠፋል፤ ምንም ነገር አይቀመስም። ሌላው ጥንቃቄ የባለቤትነት ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ወንዙ ላይ ከእነሱ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድለውን ነገር ያገኙት። የአጣቢዎቹን እጅ አይቶ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ምን እንደሚያመጣ ለተማሪ ለመንገር ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ የለም። ቆይቶ ደግሞ በእንዶድ አንድ አጠቃቀም ላይ የአሜሪካው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ወስዷል። ስለዚህ አንድ አዋቂ ስለ ሥር ወይም ቅጠል ሲናገሩ ደብተር ከመከፈቱ በፊት «ይጻፍ ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ። አይጻፍ ካሉ አይጻፍም። በማኅበረሰብ እውቀት ላይ በ1998 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ፣ ቁጥር 482፣ ስላለ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ አይደለም።

አስተማሪ ሆነው ለሚመጡት አበል ይከፈል፤ ለሥልጠና ለሚመጣ ባለሙያ የሚከፈል ከሆነ ለእሳቸውም ይገባል። በመድረክ ላይ እንደ ጌጥ አይቀመጡ። መምህሩ ከአንድ ሳምንት በፊት ብቻውን ሄዶ አብሯቸው ማሳውን ይዙር፣ ምን መናገር እንደሚፈልጉና ምን እንደማይፈልጉ ይስማ፤ ያለዚያ በዕለቱ «አባባ፣ ስለ አፈር ይንገሩን» ተብለው ሲጠየቁ ከካድሬ ስብሰባ የለመዱትን ንግግር ያደርጋሉ። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ተማሪ ገጠር ሲላክ ገበሬውን ሊያስተምር ነበር። ዛሬ የሚላከው ለመጠየቅ ነው፤ ጠባዩም ከዚያ ይለያል። ተማሪው አስቀድሞ ሦስት ጥያቄ ጽፎ ይምጣ፤ «ጠቀሜታው ምንድን ነው?» የሚለው ዓይነት አይደለም። «ይህ ማሳ አባትዎ ሲያርሱት ምን ይዘሩበት ነበር?» የመሰለ።

ምዘናው ፈተና አይሁን። ተማሪው ያገኘውን መልሶ ለሽማግሌው ያስረዳ፤ ፊታቸው ላይ የሚነበበው ነጥብ ከመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ይልቅ ትክክለኛ ነው።

ቀሪው ክረምት ነው። ሰኔ ላይ ተማሪው ወደ ቤቱ ሲመለስ ደብተርና አንድ ቀጥ ያለ ጎን ያለው የላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ይሂድ። ሸንተረር ያለው ጠርሙስ ቁጥሩን ያዛባል። አናቱ ተቆርጦ ተገልብጦ እንደ ማጥለያ ይገባበታል፣ ከሥር ጠጠር ተደርጎ እስከ ዜሮው መስመር ውሃ ይሞላል፣ ማስመሪያ ይለጠፍበታል። ከዛፍና ከቤት፣ የቁመታቸውን እጥፍ ርቆ ይተከል። ጠዋት ጠዋት 3 ሰዓት ይነበብ፤ አንድ ሚሊ ሜትር በካሬ ሜትር አንድ ሊትር ነው። ደብተሩ ላይ ሁለት ዓምድ ይኖራል። በግራ ሚሊ ሜትሩ፣ በቀኝ አባትየው ወይም እናትየዋ በዚያ ቀን ስለ ዝናቡ ያሉት፤ «ሰኔ ሚካኤል ካለፈ ወዲህ ልክ አልሆነም»፣ «ይህ አፈር አጣቢ ነው»፣ «ዛሬ ለዘር ይሆናል»። መስከረም ላይ ልጁ አሥረኛ ክፍል ሲገባ የግራውን ዓምድ ግራፍ ያደርገዋል፣ የቀኙን ደግሞ ከሥሩ ይጽፈዋል። ወረቀቱ አዲስ በገቡት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ መጀመሪያ የሚያነቡትም እሱን ነው።